ትኬት ቆራጯ ተራራውን ያዩ ዕለት

በፓርኩ ዋና በር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ትኬት ቆርጠዋል። ክፍላቸው አንድ ወንበርና አንድ ጠባብ መስኮት ብቻ ነበራት፤ ተራራው ከጀርባቸው ነው። በእረፍት ቀን ከሰው ብዛት መሬት አይታይም። ከወረፋው መሃል ታዲያ አንዱ ጎንበስ ብሎ፣ «እናቴ፣ ሰው የማይበዛበት የት ነው?» ማለቱ አይቀርም።

«መንገዱ ለሁለት ሲከፈል ግራውን ያዙ። ሁለተኛውን ወንዝ ስትሻገሩ ጸጥ ያለ ሜዳ አለ።»

ሜዳውን አይተውት አያውቁም። የነገራቸው የፓርኩ ጠባቂ የነበረው ወንድማቸው ነው። ሁለቱም ሳያገቡ በአንድ ጣሪያ ሥር ኖሩ። አብረን እንወጣለን፣ ዛሬ ነገ ሲባባሉ ወንድምየው በድንገት አረፈ።

ባልደረቦቻቸው «እትዬ ግራ» ይሏቸዋል። «ግራ የገባው ሁሉ ወደ እሳቸው ነው» እያሉ ይስቃሉ።

ጡረታ በወጡ በሳምንቱ ቤቱ ጭር አለባቸው። ሸራ ጫማቸውን አጥልቀው ሄዱ። አዲሷ ትኬት ቆራጭ አላወቀቻቸውም፤ እንደ ማንም ወረፋ ይዘው ገቡ።

ጉልበታቸውን እየለመኑ ሁለተኛውን ወንዝ ተሻገሩ። ሜዳው ላይ ግን ሰው እንደ አሸዋ ፈሷል፤ ሙዚቃ የከፈተ፣ ኳስ የሚጠልዝ፣ ልጁን የሚጣራ።

አንድ ጎልማሳ ከምንጣፉ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው።

«ይቺን ቦታ ማን አሳያችሁ?» አሉት።

«በር ላይ ያሉ ሴትዮ ናቸው። ሰው አይደርስባትም ብለውን ነበር። ለካ ለሁሉም እንዲያ ነው የሚሉት።»

ከመስኮቷ ሲታይ የኖረው እጃቸው ብቻ ነው፤ በምን ያውቃቸዋል? ፈገግ አሉ እንጂ እኔ ነኝ አላሉም።

አመስግነው ሽቅብ ቀጠሉ። ከአንድ ሰዓት መንገድ በኋላ አንድ የድንጋይ አፋፍ ላይ ወጡ። ነፋስ ብቻ ነበር። ሸለቆው እስከ ዐይን መጨረሻ ተዘርግቷል።

«ይኼን እንኳ አልነገርከኝም፣ ወንድሜ» አሉ ጮክ ብለው።

ሰው ሁሉ ሲጠይቃቸው የኖረው ጸጥታ ይኸው ነበር። ለእሳቸው ግን ይኼ በቤታቸውም ሞልቷል።

ሲወርዱ ሜዳው ባዶ ሆኗል። ሳሩ እንደተረገጠ ነው። ሰዎቹ በለቀቁት ቦታ ላይ ጋደም አሉ፤ አንድ ጠባቂ «በሩ ሊዘጋ ነው፣ እትዬ» ብሎ እስኪጠራቸው አልተነሱም።