ለአርባ ሰው የተለካ

ሠፈሩ «ሜትሮ» ይለዋል፤ የልብስ መለኪያ ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ የታየበት ቀን የለም። ሃያ ስድስት ዓመት የወንድ ሙሉ ልብስ ሰፍቷል። አንድ ትከሻው ዝቅ ያለ ደንበኛ ከእሱ ሱቅ ሲወጣ ሁለቱም ትከሻዎቹ እኩል ይታዩ ነበር። ከመንገዱ ማዶ የተዘጋጀ ልብስ የሚሸጥ ሰፊ መደብር ከተከፈተ ወዲህ ግን አራት ወር ሙሉ አንድም ሰው ሙሉ ልብስ ላሰፋ ብሎ አልመጣም።

ሥራ ያመጣችው አብራው የምትሰፋው ሚስቱ ናት፦ ለአንድ ክሊኒክ አርባ የነርስ ጋዋን። ከወደዱት የዓመቱን ሥራ ይሰጧቸዋል፤ ካልወደዱት ሁለቱን የልብስ ስፌት መኪናዎች ሸጦ ሱቁን መዝጋት ነው። መኪናዎቹን የሚፈልገው ደላላ በየሳምንቱ ብቅ እያለ፣ «እንዴት ነው፣ አልሰለቻችሁም?» ይላል።

ሜትሮ ሥራውን የጀመረው እንደለመደው ነው። ክሊኒኩ ድረስ ሄዶ አርባዎቹን ነርሶች አንድ በአንድ ለካ። የአንዷን ሰፊ ዳሌ፣ የሌላዋን አጭር ክንድ በደብተሩ ጻፈ፤ ሰፍቶ ሲጨርስም በየአንገትጌው ውስጥ የየነርሷን ተራ ቁጥር በቀይ ክር ጠለፈ።

ያስረከበው ለክሊኒኩ የልብስ ማጠቢያ ኃላፊ ነው፤ ድምጿ ከማጠቢያው መኪና በላይ የሚሰማ ሴት ናት።

«ስንት ልክ ነው ያለው?»

«አርባ።»

«ብዛቱን አይደለም፣ ጋሼ። ልኩን ነው።»

«ልኩም አርባ ነው። ለእያንዳንዷ የየራሷ።»

ሴትዮዋ ወደ ማጠቢያው ጠቆመች። «ሁሉም እዚህ አንድ ላይ ይገባል። ጠዋት ተረኛዋ እጇ ያገኘውን ለብሳ ትሮጣለች።» ከዚያ ከክምሩ ሁለት አንስታ አጠገቧ ለነበሩ ሁለት ነርሶች ሰጠች። የወፍራሟ ቁልፍ ደረቷ ላይ አልገጥም አለ። ቀጭኗ እጅጌው ውስጥ ጠፋች።

«እትዬ፣ ሌላ ሰው ልጨምርበት?» አለች ቀጭኗ።

ነርሶቹ ሳቁ። ሜትሮ አንገትጌውን ገልብጦ ቁጥሩን አሳየ። «የእሷ እኮ አይደለም! የእሷ አሥራ ሰባት ቁጥር ነው!»

«በሽተኛ እየጮኸባት ቁጥር ትፈልግ?» አለች ኃላፊዋ። «እስከ ነገ ወዲያ ስድስት ሰዓት። የመጣችው ሁሉ የምትለብሰው ይሁን፤ አለዚያ የተዘጋጀ እንገዛለን።»

ሱቁ ገብቶ አንዱን ጋዋን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። መቀሱን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠ።

«ልክክ ያለ ልብስ ልቅደድ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ልክክ ያለው ለማን ነው?» አለች ሚስቱ። «አሁን የምትሰፋው ለገላ አይደለም፤ ለመደርደሪያ ነው።»

«ታዲያ የኔ ሙያ ምን ሊረባ?»

«ወፍራሟም ቀጭኗም የምትለብሰውን ማሰብ ሙያ አይደለም እንዴ?»

መቀሱን እንደገና አነሳ። የጋዋኑን ሁለት ጎን ተረተረ። ከጣቃው በተረፈው ጨርቅ ግራና ቀኙን አሰፋው፤ እጅጌውን አሳጠረ፤ የለበሰችው ወደ ኋላ ስባ በገላዋ ልክ የምታስረው ማሰሪያ በየጎኑ ሰፋበት። ሚስቱ ለብሳ አሰረችው። እሱም ከላይ ደርቦ አሰረው። ሆነ።

ሁለት ቀን አንገታቸውን ቀና አላደረጉም። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ዘጠኝ ጋዋን ሲቀር፣ የእሱ መኪና ክር ነክሶ ቆመ። ደላላው ያን ጊዜ በር ላይ ብቅ አለ።

«አስቸገረቻችሁ አይደል?»

«ወይ ጨርቁን ያዝልኝ፣ ወይ ውጣልኝ!» አለ ሜትሮ። ደላላው ወጣ። ቀሪውን ሚስቱ በራሷ መኪና፣ እሱ በእጁ ጨረሱት፤ በመርፌ የተወጋው ጣቱ ጋዋኑን ደም እንዳያስነካ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ደረሱ። ኃላፊዋ አንዱን ጋዋን መዝዛ ለወፍራሟ አለበሰች፣ አወለቀች፣ ለቀጭኗ አለበሰች። ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ጎተተችው።

«ለውል ሰኞ ኑ» ብላ ክምሩን ወደ ውስጥ ገፋችው።

መንገድ ላይ ሚስቱ፣ «ምነው ከፋህ? አገኘን እኮ» አለችው።

«አገኘን። ግን የትኛው ልብሴ ማን ላይ እንዳለ አላውቅም።»

«እነሱም ማን እንደሰፋላቸው አያውቁም። እኩል ናችሁ» አለችና መርፌ ልትገዛ ወደ ገበያው ታጠፈች።