ጠጂቱ የማትጠራው ስም

ክልሉ ገና በተቋቋመበት ሰሞን አሶሳ ላይ ለፖሊስነት ከሚሠለጥኑት ጥቂት ሴቶች አንዷ የባምባሲዋ ጠጂቱ ነበረች። ሩጫው አልከበዳትም፤ ሰልፉንማ ወደደችው። የተበደለች ሴት ብሶቷን የምትነግራት ሴት ፖሊስ የለችም ብላ፣ ከልቧ ተቆጭታ ነው የመጣችው። ያሰናከላት፣ ጉድ እኮ ነው፣ አንድ ስም!

በሷ አገር ደንብ ምራት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ለጉ ይሉታል። ሞክሼያቸውን እንኳ ቢሆን "ያ ሰውዬ" ብላ ታልፈዋለች። አማቷ ደግሞ ኤጀታ ይባላሉ። አሠልጣኙ አሥር አለቃ ሙላው የጎጃም ሰው ነው፤ ይህን ከየት ይወቅ? በተጠርጣሪ አያያዝ ልምምድ ላይ ኤጀታ የሚባለውን ምልምል ሌባ አድርጎ አስሮጠና፣ "ስሙን ጠርተሽ አስቁሚው!" አላት።

"በሕግ አምላክ! አንተ... አንተ ልጅ፣ ቁም!"

"ስም የለውም እንዴ?"

ጠጂቱ ጠጋ አለችው። ምክንያቷን ስትነግረው ሙላው አልሳቀባትም፤ አልራራላትምም። "እና ነገ የአማትሽ ሞክሼ ሰርቆ ሲሮጥ ልትሸኚው ነው? ሰኞ ትጠሪዋለሽ፤ አለዚያ ዩኒፎርሙን ታስረክቢያለሽ።" እውነቱን ነው፤ ምን ይባላል?

ቅዳሜ ባምባሲ ሄዳ ለባሏ እያለቀሰች ነገረችው። አማቷ ከደጅ ሆነው ሰምተው ኖሮ ቤት ሳይገቡ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከግቢው ወጡ። "አለቀልኝ፣ ተቀየሙኝ" አለች። እሳቸውን ከማስቀየም እንጀራዬ ይቅር ብላ ቆረጠች።

ሰኞ ዩኒፎርሟን አጣጥፋ ሜዳው ስትደርስ፣ ወይ ጉድ! አማቷ ከሙላው ጎን ቆመዋል።

"አሥር አለቃ፣ የዛሬው ሌባ እኔ ነኝ" አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ወደሷ ዞሩ። "ልጄ፣ የቤቱ ደንብ ቤት ይቆይሽ። እዚህ የምትጠሪኝ አንቺ አይደለሽም፣ ሕግ ነው።"

አሉና ሮጡ። የሽማግሌ ሩጫ ምን ሩጫ ነው! ግን ከምልምሎቹ ማንም አልሳቀም።

ጠጂቱ አፈረች፣ ፈራች፣ ደግሞም ወደደቻቸው። ዓይኗን ጨፈነች።

"በሕግ አምላክ! ኤጀታ! ቁም!"

ቀጥ አሉ። ዞር ሳይሉ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ ሰጧት። ካቴናውን አስገብታ ላላ አድርጋ ዘጋችው።

"ጠበቅ አድርጊው እንጂ ልጄ" አሏት፤ "እንዲህማ እኔም አመልጥሻለሁ።"