ውሃ የነካው ኦቾሎኒ

ቀኑን በትክክል አላስታውሰውም፤ ወሩም ጠፍቶብኛል። ባለቤቴ ብርነሽ ከሞተች ዓመት አልፏል፣ የድሬ ሙቀት ገና አልበረታም፣ የልጄ የሰላም ሠርግ ቀን ተቆርጧል። የማስታውሰው ይህን ያህል ነው። ወደ ሐረር የሄድኩበትን ምክንያት ግን ልርሳው ብልም አይሆንልኝም።

ብርነሽን የገደላት የጉበት ካንሰር ነው። ከእሷ ሦስት ዓመት ቀድሞ፣ ከእኛው ግቢ ይኖር የነበረው ወንድሟ ተስፋዬ በዚያው በሽታ ሞቷል። የሰላም እጮኛ የዮናስ እናት ወይዘሮ አልማዝ ይህን ሰሙና ሽማግሌ ላኩብኝ። ሽማግሌዎቹ ሻያቸውን ጠጥተው ሲያበቁ፣ "በዘራችሁ ያለ በሽታ ከሆነ ሴትዮዋ የልጅ ልጆቻቸውን ማስነካት አይፈልጉም። ዘር አለመሆኑን አረጋግጥ፤ ካልሆነ ሠርጉ ይቅር" አሉኝ።

ሰላም ጓዳ ሆና ሰምታለች። አላለቀሰችም። ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች፣ "አባዬ፣ ይሄ ነገር ማን ይጠየቃል?" ብቻ አለችኝ።

ብርነሽን ያከመውን ሐኪም ጠየቅሁት። "ሥራችሁ ምንድን ነው?" አለኝ። ኦቾሎኒ ሻጭ ነን አልኩት። ሐረር ምግብ የሚመረምሩ ሰዎች አሉ፣ የምትሸጠውንም የምትበላውንም ይዘህ ሂድ አለኝ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ግን ሄድኩ።

አሠራራችንን አስቀድሜ ልናገር። ኦቾሎኒው ከነቅርፊቱ በጆንያ ከባቢሌ ይመጣልናል። ቅርፊቱ ደረቅ ነው፤ በጣት ሲፈለፈል ጥፍር ያደማል፣ ፍሬውም ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ደግሞ ገበያ ላይ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ማታ ውሃ እንረጭበትና በጆንያ ሸፍነን እናሳድረዋለን። ጠዋት ቅርፊቱ ልስልስ ብሎ ፍሬው ሙሉውን ይወጣል። ከዚያ ይለቀማል። ወፍራሙና ቀዩ ለገበያ ይሄዳል፤ የተጨማደደው፣ የጠቆረው፣ ነጭ አቧራ የመሰለ ነገር ያለበት ለቤት ይቀራል። ብርነሽ "እህል መጣል ነውር ነው" እያለች ወቅጣ የጾም ወጥ ትሠራበት ነበር። ሲፈለፍል የሚውለው ተስፋዬም ከዚያው ይቆረጥም ነበር። እኔ ቀኑን ሙሉ ስቆላ ስለምውል ሽታው ይሰለቸኛል። በአፌ አላዞረውም ነበር።

ከድሬ እስከ ደንገጎ

ኦቾሎኒውን በሦስት ፌስታል ቋጠርኩ፤ አንዱ የገበያ፣ አንዱ ያልተለቀመ፣ አንዱ የቤት። አብሮኝ የሄደው ሐሰን ነው። መጋላ ገበያ ውስጥ አርባ ዓመት ጎን ለጎን ኦቾሎኒ ሸጠናል። ቤቱ ሶማሊኛ ያወራል፣ ገበያ ኦሮምኛ፣ ከእኔ ጋር አማርኛ፤ በሦስቱም ይቀልዳል።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሚኒባስ ተራ ደረስን። እስከ ሐረር ለአንድ ሰው ሁለት መቶ ብር አሉን።

"አቦ፣ ወንበሩን ነው የምታከራየን መኪናውን ነው የምትሸጥልን?" አለ ሐሰን።

"አባባ፣ ካልፈለጉ በእግር አለ" አለው ሾፌሩ። ሰው ሳቀ፤ እኛም ከፍለን ገባን።

ከአጠገቤ የተቀመጠች ሴት ፌስታሉን አይታ፣ "ቅምሻ የለውም እንዴ?" አለችኝ። ከገበያው ፌስታል አንድ እፍኝ ሰጠኋት። እየቆረጠመች መረቀችኝ።

ደንገጎ ዳገት ላይ መኪናው እየተጠማዘዘ ሲወጣ ሙቀቱ ከኋላ ይቀራል። ታች ድሬ በአቧራ ተሸፍና ትታያለች። ከላይ የጫት አይሱዙዎች ጡሩምባቸውን እየነፉ ይወርዳሉ፤ የእኛ ሾፌር ጥግ ይይዝላቸዋል። በዚህ መንገድ ከብርነሽ ጋር ለሕክምና ሦስት ጊዜ ወጥተናል። በመጨረሻው ሆዷ ውሃ ቋጥሮ ተወጥሮ ነበር፤ በየመታጠፊያው ክንዴን ይዛ "ቀስ በል በለው" ትለኝ ነበር። እኔም እልላት ነበር፤ ሾፌሩ አይሰማም።

ሐሮማያ ስንደርስ ሐይቁ ትንሽ ውሃ ይዞ አየነው። አወዳይ ላይ የጫት ገበያው መንገዱን ዘግቶ ግማሽ ሰዓት አቆመን። ሦስት ሰዓት ላይ ሐረር ገባን።

ሐረር፣ ከመመርመሪያው ቤት

የተቀበለችን ነጃት የምትባል ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት ናት። ሦስቱን ፌስታል ጠረጴዛ ላይ ደረደረች።

"ይሄኛውስ አባባ?"

"እሱ የቤት ነው።"

"የቤት ማለት?"

"የምንበላው።"

ቀና ብላ አየችኝና ፌስታሉን ለብቻው አራቀችው። ፈጭታ፣ በኬሚካል አጥባ እንደምታየው ነገረችን። ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ተመለሱ አለችን።

ምሳ ፉል በላን። እኔ የሐሰንን ሥጋ አልበላም፣ እሱም የእኔን አይበላም። አርባ ዓመት በፉል ተስማምተናል። "አንተን ሳላውቅ በፊት እኮ ወፍራም ነበርኩ" ይለኛል ሁልጊዜ። ያን ቀንም አለኝ።

ስንመለስ ነጃት መስኮት ወደሌለው ጠባብ ክፍል አስገባችን። አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ላይ የሦስቱን ፌስታል ጭማቂ በየተራ አንጠባጥባለች። መብራቱን አጥፍታ ሌላ ሐምራዊ መብራት አበራች። የገበያው ነጥብ በጭንቅ ይታያል። ያልተለቀመው ትንሽ ይበራል። የቤቱ ግን ሰማያዊ ሆኖ ቦግ አለ።

"እንዴት ያምራል!" አልኩ ሳላስበው።

"የሚያምረው መርዙ ነው አባባ" አለች። "ደግሞ መብራቱን ትኩር ብለው አይዩት፤ እሱም ጥሩ አይደለም።"

ወጥተን ተቀመጥን። ሻጋታው የሚያወጣው መርዝ አፍላቶክሲን ይባላል አለችን። ሲቆላም ሁሉም አይጠፋም። ሰው ሲበላው ጉበት ሊያጣራው ይሞክራል፤ ሲሞክር ጭራሽ ያባብሰዋል። ያኔ መርዙ ሴል ውስጥ ገብቶ ዲኤንኤ ላይ ይጣበቃል።

"እሱ ደግሞ ምንድን ነው?" አልኳት። አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ አላፈርኩም።

"ሰውነት ምን መሥራት እንዳለበት የተጻፈበት ነው። ፊደሎቹ አራት ብቻ ናቸው፤ ጽሑፉ ግን በጣም ረጅም ነው። ሴሉ ያንን እያነበበ ፕሮቲን ይሠራል። የዓይን ቀለም ቢሉ፣ የፀጉር ዓይነት ቢሉ፣ ቁመት ቢሉ የፕሮቲን ሥራ አለበት። መርዙ የተጣበቀበት ቦታ ላይ ሴሉ ጽሑፉን ሲገለብጥ ፊደል ይስታል። አንዳንዴ ምንም አያመጣም። አንዳንዴ ግን ከዚያ የሚሠራው ፕሮቲን የተጣመመ ይሆናል። እንዲህ ፊደል የሚያስቱትን ነገሮች ሚውታጅን እንላቸዋለን። የሲጋራ ጭስ አለ፣ ጨረር አለ፣ ቅድም ያያችሁት መብራት አለ፣ ይሄ አለ።"

"አንድ ፊደል ሰው ይገድላል?" አለ ሐሰን።

"እንደ ቦታው ነው። የተበላሸ ሴል እንዳይራባ የሚያግድ አንድ ፕሮቲን አለ። ይሄ መርዝ ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው የእሱን ጽሑፍ ነው።"

"አባቴ የሐዲድ ማቋረጫ ዘበኛ ነበር" አልኳት። "ባቡር ሲመጣ ብረቱን ያወርዳል።"

"እንደዚያ ነው በቃ። ዘበኛው ቦታው ላይ አለ፤ ግን ክንዱ ተጣሟል፣ ብረቱን ማውረድ አይችልም።"

የመጣሁበትን ጠየቅኋት። ልጄ ትወርሰዋለች ወይ አልኳት።

"ልጅ የሚገኘው ከእናት እንቁላልና ከአባት ዘር ነው፤ ከእናት ጉበት አይደለም። እንቁላሉ ወይም ዘሩ ላይ የተሳተ ፊደል ይወረሳል፤ እንደዚያ ያለ ካንሰርም አለ። ጉበት ላይ የተሳተው ግን እዚያው ይቀራል። ከሰውዬው ጋር ይቀበራል።" ቀጥላም፣ "ምክንያቱ እሱ ብቻ ነው ብዬ ግን አልምልም። የጉበት ቫይረስስ? ቢ የሚባለው? እሱ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል" አለች።

ብርነሽ ስትታመም ሁላችንም እንደተመረመርን፣ ብርነሽም ተስፋዬም ቫይረሱ እንዳልነበረባቸው ነገርኳት።

"እንግዲያው ሁለቱም በአንድ ቤት አንድ ነገር በልተዋል። እኔ የማየው ይህንን ነው" አለችና በሽታው ዘር አይደለም የሚል ወረቀት ጻፈችልኝ።

ደስ ሊለኝ ጀምሮ ነበር። ሐሰን ነው ያበላሸው።

"ሻጋታውስ ከየት መጣ፣ ልጄ?"

"ደርቆ ከተቀመጠ አያድግም። እርጥበት ነው የሚያመጣው። ውሃ ይነካዋል እንዴ?"

ሐሰን እኔን አየ፤ እኔ ወለሉን።

ቁልቁለቱ

ተመልሰን ሚኒባስ ስንገባ ሐሰን ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

"ታዴ፣ ወረቀቱ ዘር አይደለም ይላል። ስጣቸውና ዝም በል፣ ሀዬ?"

"ከምንድን ነው ታዲያ ቢሉኝስ?"

"ከአላህ በላቸው።"

"ውሃውን የረጨው አላህ ነው? ብርነሽን ያስተማርኳት እኔ፣ እኔን ያስተማርከኝ አንተ!"

ይህን ከአፌ ማውጣት አልነበረብኝም። ጠዋት ኦቾሎኒ የሰጠኋት ሴትም ትዝ አለችኝ፤ ከየትኛው ፌስታል እንደሰጠኋት ለራሴ ደጋግሜ አረጋገጥኩ። ሐሰን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ድሬ ከታች ስትታይ፣ "ወላሂ፣ ከሐረር ጀምሮ ያስተማርኩህ እኔ መሆኔን ሳስብ ነው የመጣሁት" አለ።

ወይዘሮ አልማዝ ቤት

ወደ ቤቴ ሳልገባ በባጃጅ ቀጥታ ወይዘሮ አልማዝ ወደሚኖሩበት ከዚራ ሰፈር ሄድን። አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ሰላም በስልክ ተጠርታ መጣች፤ ዮናስ ከእናቱ አጠገብ ቆሟል። ወይዘሮ አልማዝ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ዘር አይደለም እንግዲህ።"

"አይደለም።"

"ተመስገን። ታዲያ ከምን መጣባቸው?"

ዝም ማለት እችል ነበር። ዮናስ ሰላምን እያየ ፈገግ ብሏል። ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ግን ዘር ካልሆነ ምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ ሰላም ዕድሜዋን ሙሉ ይዛው ልትኖር ነው። ተናገርኩ። ውሃውን፣ ጆንያውን፣ የሚለቀመውን፣ የሚቀረውን ተናገርኩ።

ወይዘሮ አልማዝ መነጽራቸውን አወለቁ። "ለሰው ጥሩውን እየሸጥክ ሚስትህን ሻጋታ አበላሃት?"

ሰላም ቀስ ብላ፣ "እኔም በልቻለሁ" አለች። ለማንም አልነበረም የተናገረችው።

ያኔ ሐሰን ነው የተናገረው።

"ስሚኝ እሜቴ። እሱ ሳያውቅ አበላ። እኔም ሳላውቅ ሚስቴንና አምስት ልጆቼን አብልቻለሁ፤ ማንኛቸው እንደሚታመሙ ገና አላውቅም። ውሃውንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የምትሰድቢው ሰው ካስፈለገሽ ከእኔ ጀምሪ።"

ወይዘሮ አልማዝ ወረቀቱን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "ሠርጉ በቀኑ ይሁን" ብለው ተነሡ። ለእኔ እጃቸውን አልሰጡኝም።

ቤት

ቤት ስንገባ ሰላም፣ እናቷ ወቅጣ ያስቀመጠችውን የኦቾሎኒ ዱቄት ከጓዳ አውጥታ ደፋችው። ከዚያ መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች።

"አባዬ፣ አንተ ለምንድን ነው የማትበላው የነበረው?"

"ሽታው ሰልችቶኝ።"

"ለሱ ብቻ?"

"ለሱ ብቻ ልጄ።"

ዓይኔን እያየች ቆየች። ያመነችኝ ይመስለኛል። እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

አሁን በየስድስት ወሩ ጉበቷን በአልትራሳውንድ ትታያለች። እስካሁን ደህና ናት። እኔና ሐሰን ዛሬ በደረቁ ነው የምናስፈለፍለው፤ የጠቆረውን ለከብት እንኳ አንሰጥም። ገበያ ውስጥ ውሃ ሲረጩ ሳይ ጠጋ ብዬ እናገራለሁ። ባለፈው አንዷ፣ "አባባ፣ የሚደማው ጥፍሬ ነው የአንተ?" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ጥፍሯ ይደማል። የጉበት ጉዳት ግን ጥፍር ላይ አይታይም።

ጉዞው ያስተማረኝ ይህን ነው፤ ልጄን ነጻ ያወጣት ወረቀት እኔን ያሠረኝ ያው ወረቀት ነው። አለማወቅ ሰው ፊት ይቅር ያስብላል። ከራስ ጋር ሲሆን ብዙም ይቅር አያስብልም። ያን ቀን ከዚራ ብቻዬን ብሆን ኖሮ ግማሹን ተናግሬ ግማሹን ውጬ እወጣ ነበር። የራሱን ልጆች ስም ከእኔ ጥፋት አጠገብ አስቀምጦ ቀና እንድል ያደረገኝ ሰው፣ የመጋላው ሐሰን ኡመር ነው።