የፈትሂያ ባለመዝጊያዎች

ፈትሂያን መጀመሪያ ያወቅኋት ቀዳዳ ጀሪካን ስትለምን ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ውኃ የሚይዘውን የሚለምን እንጂ የሚያፈሰውን የሚለምን ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ከክር ፋብሪካው ፈረቃ ስትመለስ፣ ብናኙ ጥጥ ፀጉሯ ላይ እንዳለ፣ በራፌ ላይ ቆመች።

«እማ ራሂማ፣ የሚያፈስ ጀሪካን አይጠፋዎትም መቼም።»

«የሚያፈሰውን ምን ልታደርጊው?»

«ቤት ልሠራበት።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁና ሰጠኋት። በማግስቱ ጎኑን በቢላዋ ቆርጣ፣ አፈር ሞልታ፣ ከሌሎች መሰሎቹ ጋር ክፍሏ ውስጥ ከመስኮቷ ሥር ደርድራው አየሁ። ጎመን ልትተክል ነው አልኩ። ጎመን ግን አልበቀለም።

ደሴ አጠገብ የገራዶ ገጠር ልጅ ናት። ከርስታቸው ሲነቀሉ፣ እናቷ ኡሙሰልማም ጉልበቷ ሲከዳት፣ ፈትሂያ ከዚያው አምጥታ በዚያች በአንዲት ክፍሏ አብራት አኖረቻት። አባቷ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በልጅነቷ ከማሳቸው ጠርዝ ካለው የአፈር ግንብ ላይ አንድ ነገር አሳይቷት ነበር። ሳንቲም የምታክል፣ አፈር የምትመስል ክዳን። በሣር ጫፍ ነካ ሲያደርጋት ክዳኗ ብድግ ትልና ከሥሯ አንዲት ሸረሪት ብቅ ብላ፣ ያገኘችውን ጉንዳን ይዛ፣ በሯን መልሳ ትዘጋለች። «ባለመዝጊያ» ይላት ነበር። «ከኛ በር የሷ ይገጥማል» እያለ ይስቅ ነበር አሉ።

ከሰፈራችን በላይ ያለውን ዳገት ለመንገድ ብለው በዶዘር ሲቆርጡት፣ ፈትሂያ ከሥራ ስትመለስ ያንኑ ክዳን አየች። ዳገቱ ተንዶ የሸረሪቶቹ ጉድጓድ ለሁለት ተከፍሎ፣ ውስጡን ያለበሱት ነጭ ሐር ፀሐይ ላይ ተገልጦ ነበር። ቀኑን ሙሉ ክር ስትቀጥል የምትውል ሴት ያን ሐር አይታ ማለፍ አልቻለችም መሰለኝ። የተረፉትን ከነአፈራቸው በአካፋ እየቆረጠች አመጣቻቸው።

አረባቧን በዓይኔ አይቻለሁ። አፈሩ ከደረቀ ጉድጓዱ ይፈርሳል፤ ከራሰ ይሻግታል። ስለዚህ በጣቷ ጫፍ ብቻ ውኃ ትረጫለች። ፌንጣና በረሮ ትለቅምላቸዋለች፤ የግቢያችን በረሮ ያለቀው በሷ ነው። ዝናብ ሲጀምር ወንዱ ከጉድጓዱ ወጥቶ ሚስት ፍለጋ ይንከራተታል። ፈትሂያ ያገኘችውን ወንድ ይዛ ከሴቷ ደጅ ታኖረዋለች። እሱም በእግሩ ክዳኑን መታ መታ ያደርጋል።

«ካልወደደችው ትበላዋለች» አለችኝ ኡሙሰልማ ከፍራሿ ላይ ሆና። «በኛም ጊዜ እንዲህ ቢሆን ኖሮ፣ እታለም።»

የተቀበለችው እንደሆነ ሴቷ በሯን ከውስጥ በሐር ትሰፋዋለች። ወራት ያልፋሉ፣ አትከፍትም። የመጀመሪያዋን ፈትሂያ ሞታለች ብላ አፈሩን ልትደፋው ስትል ነው፣ የሰሊጥ ፍሬ የሚያካክሉ ልጆች ከክዳኑ ሥር ሲተምሙ ያየችው። አብረው ከከረሙ ይበላላሉ። አንድ በአንድ በዶሮ ላባ እየጠረገች በየቲማቲም ጣሳው ለየቻቸው። ሰንበትበት ብዬ ብሄድ እያንዳንዱ በየጣሳው ቆፍሮ፣ የምስር ክክ የምታህል በር ገጥሟል። ማንም ሳያሳየው። ወላሂ፣ መነጽሬን አድርጌ ብዙ ተቀመጥኩ።

ይኸ ሁሉ የከይሪያ ወገብ እስኪቃጠል ድረስ ነው። ከይሪያ የቅሬያችን ዳኛ የመሕሙድ ሚስት ናት። ሰው ሁሉ ጋሽ መሕሙድ ይለዋል፤ እኔ ግን ታናሼ ስለሆነ መሕሙድ ነው የምለው። ቅሬ እኛ ወሎዎች ሞት ሲመጣ የምንቆምበት ነው። ጥሩምባው ይነፋል፣ ቃሬዛው ይወጣል፣ ጉድጓዱ ይቆፈራል። ከቅሬ የወጣ ሰው ቤቱ ሬሳ ቢወድቅ ደጁን የሚረግጥ የለም።

ከይሪያ ወገቧን ዙሮ የሚለበልብ፣ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣባት። በኛ አገር እንዲህ ያለውን ሲያዩ «ሸረሪት ሸናበት» ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ማን ይጠየቅ? ቅሬው ዋርካው ሥር ተቀመጠና ፈትሂያ ተጠራች።

«ልጄ፣ ሸረሪት ታረቢያለሽ የሚባለው እውነት ነው?» አላት መሕሙድ።

«እውነት ነው፣ ጋሼ።»

«ሰው ዶሮ ያረባል፣ ንብ ያረባል።»

«ዶሮና ንብ የሚያረባማ ሞልቷል።»

«ሚስቴ ላይ ሸንተውባታል።»

«የኔዎቹ ከደጃቸው ርቀው አይሄዱም። እትዬ ከይሪያም ቤቴ ገብተው አያውቁም። የት ተገናኙ?»

«በስልክ ይሆናላ» አለች ጎረቤታችን ፀሐይነሽ ከኋላ፤ ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። መሕሙድ ግን አልሳቀም።

«ወይ ገደል ትደፊያቸዋለሽ፣ ወይ ከቅሬ ትወጫለሽ።»

«ነቢያችን ዋሻ ሲገቡ ደጁ ላይ ያደራችላቸው ማን ናት?»

«ያቺማ ድር ነው ያደራችው። ያንቺዎቹ በር ይሠራሉ።»

«በር መሥራት ሐራም ነው?»

እንደ ወጉ ከሆነ ያን ጊዜ ጉልበት ስማ «አጥፍቻለሁ» ማለት ነበረባት። ቢያንስ ዝም ማለት። እሷ ጫማዋን አድርጋ ተነሣች።

«እንግዲያው አውጡኝ» አለች። አወጧት።

ለእናቷ ስትል ትለሰልሳለች ብዬ ልለምናት ሄድኩ። የመለሰችልኝ ግን ኡሙሰልማ ናት። «ተያት፣ ራሂማ። ከርስታችን ስንነቀል እኛን ማን አስጠጋን? እሷ ያስጠጋችውን በኔ ሰበብ አታስወጣም። አፈር እንደሆነ ያለ ጥሩምባም ይቀበለኛል።»

ከይሪያ በኋላ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄዳ ታየች። ሽፍታው ከውስጥ የሚነሣ ሕመም ነው፣ ሸረሪት የለበትም አሏት። ይህንንም ራሷ ለሰፈሩ ተናገረች። መሕሙድ ግን የተፈረደ ተፈርዷል አለ። ፈትሂያም አልለመነችም። ብቻ ሰው በሞተ ቁጥር ሳይጠሯት ትመጣለች። ውኃ ትቀዳለች፣ ድስት ታጥባለች። ፊታቸውን ያዞሩባታል፤ እሷ የተዞረውን ፊት ሰላም ትለዋለች። ከለቅሶ ቤት «ውጪ» አይባል ነገር።

ነሐሴ ላይ ኡሙሰልማ በማለዳ ሞተች። ጥሩምባ የለም። የሰማሁት ፈትሂያ ስትጠራኝ ነው። እንደ ምንም ምርኩዜን ይዤ ገባሁ። ሁለታችን ብቻ ነበርን። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተገፋና ከይሪያ ነጭ ከፈንና ሳሙና ይዛ ቆመች። በጣሳዎቹ መካከል ቀሚሷን ሰብስባ አለፈች።

«የቷ ናት የሸናችብኝ?» አለች ቀስ ብላ።

ፈትሂያ ልትስቅ ብላ አለቀሰች። ያን ጊዜ ነው እንባዋ የወረደው።

አጥበን፣ ከፍነን ስንጨርስ መሕሙድ መጣ። ወንዶቹ ከኋላው ናቸው። ከደጃፉ ላይ ቆሞ፣ «ጀሪካኖቹን አሁን አውጪልኝና ቃሬዛው ይግባ» አለ። ክፉ ሰው አይደለም። በሰው ፊት የሚመለስበት መንገድ ፈልጎ ነው።

ፈትሂያ ከእናቷ ራስጌ ተነሣች። «ጋሼ፣ እናቴ ከነዚህ ጋር ኖራለች፤ አጠገባቸው ተኝታ ነው የሞተችው። እሷን ለማንሣት እነሱ ይውጡ ካላችሁ፣ እኔው አዝያት እወጣለሁ። እሷም አዝላኝ ታውቃለች።» ብላ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀች። የምታደርገው ነው። ወንዶቹም አውቀዋል፤ መሬት መሬት ያያሉ።

«መሕሙድ» አለች ከይሪያ ከተቀመጠችበት፣ «ከበሩ ዞር በል። ብርሃን ጋርደህብናል።»

ዞር አለ። የሄደ መሰለን። ከዚያ ጥሩምባው ተሰማ። ጥሩምባ ነፊው ደሴ ወጥቶ ነበርና የነፋው ራሱ ነው፤ አልለመደበትም፣ ድምፁ ይሰባበራል። ሰፈሩ ግን ወጣ። ቃሬዛው ጣሳዎቹን በጎን እያለፈ ገባ፤ አንድም አልተነካ። ጀናዛውን ሲያነሡ የፊተኛውን ጫፍ መሕሙድ ያዘ። ወደ ቅሬ ተመልሳለች ብሎ እስከ ዛሬ በአፉ አላለም። እሷም አልጠየቀችም።

ዝናቡ ጋብ ሲል ፈትሂያ ያደጉትን በጣሳ በጣሳ ተሸክማ ወደ መቃብሩ ወጣች። ከታች በኩል ሰው የማይቀበርበት የአፈር ግንብ አለ። ዶዘር የማይደፍረው መሬት በዚህ ከተማ እሱ ብቻ ነው። እያንዳንዷን ከነጉድጓዷ ግንቡ ውስጥ ስትሸጉጥ መሕሙድ አገኛት።

«ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የእናቴ ጎረቤቶች ናቸው።»

ጎንበስ ብሎ ክዳኖቹን አየ። «ዳር ዳሩን አድርጊው። ሰው ይረግጠዋል» ብሎ አለፈ።

አርብ አርብ ኡሙሰልማን ልዘይር ስሄድ ከግንቡ ሥር አረፍ እላለሁ። ዓይኔ ደክሟልና ክዳኖቹን የማገኛቸው በጣቴ ዳብሼ ነው። ባለፈው አንዷን በሣር ጫፍ ገለጥ ላደርጋት ሞከርኩ። ከውስጥ በእግሯ ይዛ ጎተተችው። እኔም ጎተትኩ። አልከፈተችልኝም።