ብርሃነን ላመጣ ወደ ቶሉካ ተራራ

ወደ ሜክሲኮ የሄድኩት ተራራ ለመውጣት ብዬ አልነበረም። እኔ ቀኑን ሙሉ በፔታህ ቲክቫ ከተማ፣ ኪርያት ማታሎን በሚባል የፋብሪካ ሰፈር፣ በአንድ የመኪና ጋራዥ ቢሮ ተቀምጬ ስልክ የማነሳ፣ አርባዎቹን ያጋመስኩ ሴት ነኝ። ከምንኖርበት ከአሚሻቭ ሰፈር ሕንጻችን ደረጃ ሌላ ዳገት አላውቅም። የሄድኩት ታናሽ ወንድሜን ብርሃነን ላመጣ ነው።

ብርሃነ ከሠራዊት እንደ ወጣ፣ እንደ እኩዮቹ ሁሉ ትልቅ ቦርሳ አዝሎ ዓለምን ሊያይ ሄደ። ስድስት ወር ነበር ያለን። አምስት ዓመት ሆነው። ቶሉካ በምትባል የሜክሲኮ ከተማ ተቀምጦ፣ መንገደኞችን እሳተ ገሞራ ተራራ ላይ እየመራ ይኖራል። የዛሬ ሁለት ዓመት እናታችን ስትሞት አልመጣም። ሺብዓውን፣ ሰባቱን የሐዘን ቀን፣ እኔና አባ ብቻችንን ተቀመጥን። ለቅሶ የደረሰው ሰው ሁሉ "ልጁስ?" ይላል፤ እኔ "መንገድ ላይ ነው" እላለሁ። ሰባቱ ቀን አለቀ፤ እሱ አልመጣም።

አባ ስሙን ማንሳት ተዉ። ዘንድሮ ልባቸውን ታመው፣ ሆስፒታል ከርመው ሲወጡ ግን ታክሲ ውስጥ እጄን ያዙና በትግርኛ "ኣምጽእዮ" አሉኝ። አምጪው ማለታቸው ነው። ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኔም ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ። ጎረቤታችን እማማ ትርንጎ ጠዋት ማታ አባን ሊያዩልኝ ቃል ገቡ። የፔታህ ቲክቫ አስፋልት በሚቀልጥበት በሐምሌ፣ ሻንጣዬ ውስጥ ድርቆሽና የክረምት ካፖርት ከትቼ ተነሳሁ።

መንገዱ

ማድሪድ ላይ አውሮፕላን ቀይሬ ሜክሲኮ ሲቲ ስደርስ እግሬ አብጦ ጫማዬ አልገባ ብሎኝ ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ወደ ቶሉካ የሚሄድ አውቶቡስ አለ፤ ቲኬቱ በእኛ ገንዘብ ሃምሳ ሼቅል ገደማ ነው። ከተማው ማለቂያ የለውም። ቤት በቤት ላይ ተደርቦ ኮረብታውን ሁሉ ወርሶታል። ከዚያ መንገዱ ጥድ በሞላበት ዳገት ይወጣና ወደ አንድ ሰፊ ሜዳ ይወርዳል። ሜዳው ፋብሪካ በፋብሪካ ነው፤ ወደ ጎረቤታችን ከተማ ወደ ሮሽ ሃዓይን የተመለስኩ መሰለኝ። ልዩነቱ ዝናቡ ነበር። ቀጭን፣ ቀዝቃዛ፣ የማያባራ ዝናብ። ተራራው በስተ ደቡብ ነው ብለውኛል፤ እኔ ግን ያየሁት ደመና ብቻ ነው።

ብርሃነ መናኸሪያው ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ጺሙን አሳድጓል፤ ጉንጩ በብርድ ተሰነጣጥቋል። አቅፎ ሳመኝና ወዲያው ፊቱን አዞረ። ሻንጣዬን አንስቶ ፊት ፊት ሄደ። ፊቴን ላለማየት እንደሚሸሽ ገባኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

"አባ እንዴት ናቸው?" አለኝ ሳይዞር።

"ልባቸው ደክሟል። ይጠብቁሃል።"

"በሰደር፣ እሺ፣ እታለም። መጀመሪያ እረፊ፤ ከፍታው ያምሻል።"

የሚኖርባት ክፍል አንድ አልጋ፣ አንድ ምድጃና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ገመድ ናት። አልጋውን ለኔ ለቆ መሬት ላይ ተኛ። ሁለት ቀን ሙሉ በከተማው አዞረኝ፤ ሳንባዬ ቀጭኑን አየር እንዲለምድ ነው። ገበያው ውስጥ አረንጓዴ ቋሊማ ተሰቅሎ አየሁና ጎምጅቼ ጠየቅሁት። "የአሳማ ነው" አለኝ፤ ሁለታችንም ሳቅን። ማታ ማታ ያመጣሁትን ድርቆሽ በሽሮ ፈትፍተን በላን። ስለ መመለስ ባነሳሁ ቁጥር "ተራራውን ላሳይሽ፣ ከዚያ እናወራለን" ይላል። ስለ እማ አንድም ጊዜ አልጠየቀም። መቃብሯ የት እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም።

ወደ ላይ

በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ወጣን። የአካባቢው ሰው ተራራውን በረዷማው የቶሉካ ተራራ ይለዋል። ቁመቱ ከራስ ዳሸን ትንሽ ይበልጣል፤ በጥንት ዘመን ፈንድቶ ጫፉ እንደ ድስት ጎድጉዷል፤ ድስቱ ውስጥ የፀሐይና የጨረቃ የሚባሉ ሁለት ሐይቆች አሉ። ይህን የነገረኝ ብርሃነ ነው። ስለ ተራራው ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል፤ ልጅ ሳለ ያውቅበት እንደነበረው ዓይነት ደስታ ይገባበታል።

ድንች የተዘራበት ማሳ መሐል ያለች አንዲት መንደር አልፈን፣ ጥዱ እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ፣ መኪኖች ከሚቆሙበት ሜዳ ደረስን። ከዚያ በላይ የሚወስዱት ወንበር የተገጠመላቸው ፒካፖች ናቸው፤ ለሰው ስልሳ ፔሶ። መጀመሪያ ግን በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ እንጉዳይ ሾርባ ከምትሸጥ ሴት ዘንድ ተቀመጥን። ሾርባው ያቃጥላል፤ ከጥቁር በቆሎ የተጋገረ ቂጣ አብሮ ይቀርባል። ሴትዮዋ ብርሃነን ታውቀዋለች። በእኔና በእሱ መካከል ዓይኗን አመላልሳ አንድ ነገር ጠየቀችው። ብርሃነ ማንኪያውን አስቀመጠ። አጭር መልስ ሰጣት፤ እሷም አፏን በእጇ ከድና ይቅርታ የሚመስል ነገር ተናገረች።

"ምን አለችህ?"

"እናትህ ናት ወይ አለችኝ።"

"ይህን ያህል አርጅቻለሁ?"

"አላረጀሽም" አለ፤ በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብሎ አየኝ። "እማን መስለሻል። መናኸሪያው ላይ ሳይሽ ልቤ ቀጥ ነበር ያለው።"

ሾርባውን አልጨረሰም።

ፒካፑ አራግፎን ሲመለስ መንገዱ አመድ የመሰለ አሸዋ ሆነ። አንድ እርምጃ ስወጣ ግማሹን ወደ ኋላ እንሸራተታለሁ። ዛፍ የለም። ጓሳ የሚመስል ሣር እዚህም እዚያም ይታያል፤ እሱም ጠወልጎ ቡናማ ሆኗል። ብርሃነ ፊት ፊት እየሄደ "ቀስ፣ ቀስ፤ ወሬ የለም፣ በአፍንጫሽ ተንፍሺ" ይለኛል። ጥቂት ሜክሲኳውያን ቤተሰቦች አለፉን። አንድ ሽማግሌ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ተሸክመው ነበር፤ ብርሃነን ሰላም ብለው ወደ ሰማይ ጠቆሙና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከቀትር በኋላ በረዶ ይጥላል ማለታቸው ነው አለኝ።

ከድስቱ ጠርዝ ስንደርስ ደመናው ለጥቂት ጊዜ ተገለጠ፤ ሁለቱንም ሐይቆች አየኋቸው። ሰማያዊ ናቸው ብለውኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን የእርሳስ ቀለም ነበራቸው። ትልቁ ረጅምና ጠመዝማዛ፣ ትንሹ ክብ ነው። በመካከላቸው ቀዝቅዞ የደረቀ የእሳተ ገሞራ ጉብታ አለ፤ እምብርት ይሉታል። ዙሪያውን እንደ ጥርስ የተሰባበረ ጥቁር ድንጋይ ከብቦታል። ወፍ የለም። ሰው እታች ሐይቁ ዳር ሲነጋገር እላይ ድረስ ይሰማል፣ ከዚያም ይጠፋል። ቆንጆ ነው ለማለት አልደፈርኩም። ሰው ጥሎት የሄደ ቤት ነው የመሰለኝ።

ወደ ፀሐይ ሐይቅ ወረድን። እዚያ ስንደርስ ራሴን ከሁለት ወገን በጉጠት የያዙኝ ያህል አመመኝ፤ ቁርጠትም ተከተለ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጉሙ ከጠርዙ ተንከባሎ ወርዶ ውሃውን ሸፈነው፤ የማየው የብርሃነን ቀይ ጃኬት ብቻ ሆነ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁት። ከዚያ ጠየቅሁት።

"እማ ስትሞት ለምን አልመጣህም?"

መጥቶ አጠገቤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

"አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሄጃለሁ" አለኝ። "ቲኬት ቆርጬ፣ ቦርሳዬን ይዤ። ወንበር ላይ ተቀምጬ ስሜን ሲጠሩ እሰማለሁ፤ መነሳት አቃተኝ። በሩ ሲዘጋ አየሁት።"

"ለምን?"

"እዚህ እስካለሁ ድረስ እማ አልሞተችም፣ እታለም። ኩሽና ውስጥ ናት፤ ስልክ አልመልስ ብዬባት ተቆጥታለች። ቤት የገባሁ ቀን ግን ትሞታለች። ገባሽ?"

እኔ ገላዋን ሲያጥቡ በር ላይ የቆምኩ ነኝ። አባን ደግፌ መቃብር የወሰድኩ ነኝ። "እና እኔስ?" ማለት ፈልጌ ነበር። "እኔ ብቻዬን ቀበርኳት፤ ይህንንስ ታውቃለህ?" አልኩት እያለቀስኩ።  እሱ እጄን በሁለት እጁ ይዞ ያሽልኝ ጀመር።

በረዶው ያኔ ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ሽምብራ፣ ቀጥሎ እንደ ለውዝ። ብርሃነ ጃኬቱን አውልቆ ከላዬ ጣለብኝ። "ያላ፣ ተነሺ፤ እዚህ መቆየት አይቻልም።" አሸዋማው መንገድ በአፍታ ነጭ ሆነ። ሁለት ጊዜ አስታወከኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ግንባሬን ደግፎ ያዘኝ። ጠርዙ ጋ ስንደርስ እግሬ ከዳኝና አዘለኝ። እኔ ነኝ በልጅነቱ ሳዝለው የኖርኩት፤ አሁን ጀርባው ላይ ሆኜ ትንፋሹን አዳመጥኩ። ነጎድጓዱ ከድንጋይ ድንጋይ ይጋጫል። "ትንሽ ቀረን" ይለኛል፤ ደግሞ ጥቂት ይሄድና "ትንሽ ቀረን" ይለኛል።

ፒካፕ ወደ ታች አወረደን፤ ሾርባ ሻጯ ዳሷ ውስጥ ትኩስ የበቆሎ አጥሚት አጠጣችኝ። ገንዘብ ስሰጣት እምቢ አለች። ራሴ እየቀለለ፣ ጆሮዬ እየተከፈተ መጣ። ብርሃነ በሸሚዝ ብቻ ምድጃው አጠገብ ይንዘፈዘፋል።

"ለአንድ ሳምንት ብቻ" አልኩት። "አባን አይተህ ተመለስ። ሌላ ነገር አልጠይቅህም።"

ምድጃውን እያየ "እመጣለሁ" አለ።

ሜክሲኮ ሲቲ፣ አውሮፕላን ማረፊያ

በኔው በረራ ላይ ቦታ አገኘ። በአውቶቡስ ስንመጣ ብዙ አወራ፤ አባ አሁንም ሬዲዮ ሰምተው ይተኙ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ለአባ የገዛውን የሱፍ ሻርፕ አሳየኝ። የኔን ሻንጣ አስረክበን፣ የመሳፈሪያ ወረቀታችንን ይዘን ወደ ፍተሻው ሰልፍ ገባን። ሰልፉ ይራመዳል፤ እኛም እንራመዳለን። ከዚያ ዞር ስል ከኋላዬ የለም። ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ቆሟል፤ ሰው በግራና በቀኙ ያልፈዋል። ፊቱ አመድ መስሏል።

ተመልሼ ሄድኩ። ላብ አጥምቆታል፣ አፉ ደርቋል።

"አልቻልኩም" አለኝ። "በእማ ሞት፣ ልዋሽሽ አልፈለግሁም፤ እመጣለሁ ስልሽ ልመጣ ነበር።"

እጁን ይዤ ልጎትተው አሰብኩ። አባ በታክሲው ውስጥ እጄን እንዴት እንደያዙኝ አሰብኩ። ግን ወንድሜን አየሁት፤ በሰው ፊት እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጥ ነበር። እማ በሞት አፋፍ ላይ ሳለች ብቻ ነው በሰው ዓይን ውስጥ እንዲህ ያለ ፍርሃት ያየሁት። "ሻርፑን ስጠኝ" አልኩት። ሰጠኝ። ሳመኝና ወደ መውጫው ሄደ። ዞሮ አላየኝም። እኔም አውሮፕላኑ ውስጥ እስከ ማድሪድ ከጎኔ ባዶ ከቀረው ወንበር ጋር ተጓዝኩ።

አሚሻቭ

አባ ከሕንጻው ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። እማማ ትርንጎ አጠገባቸው ናቸው። ታክሲው ሲቆም አባ ተነሱ። እኔ ወረድኩ። ሾፌሩ ሻንጣዬን አውርዶ ኋላውን ዘጋ። አባ መኪናው እስኪሄድ ድረስ በመስኮቶቹ ውስጥ ማየታቸውን አላቆሙም። እማማ ትርንጎ ቀስ ብለው ተነስተው ወደ ቤታቸው ገቡ።

በመንገድ ሁሉ የማወራውን ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት፤ ሥራ ይዞት ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ይመጣል፣ ወረቀት አላለቀለትም። አንዱም ከአፌ አልወጣም። የሆነውን እንደሆነው ነገርኳቸው። ተራራውን፣ ስለ እማ ያለኝን፣ ሰልፉ መሐል መቆሙን ሁሉ። ሻርፑን ጉልበታቸው ላይ አደረግሁላቸው። በዚያ ሙቀት የሱፍ ሻርፑን በጣታቸው ዳሰሱ።

"ጤና ነው?" አሉኝ።

"ጤና ነው፣ አባ።"

"ይበላል?"

"ይበላል።"

ስሄድ ብርሃነን አንድ ነገር እንዳሰረው፣ እሱን ከፈታሁለት እንደሚመጣ አስቤ ነበር። ገመድ ቢሆን እፈታው ነበር። ሐዘን ግን እያንዳንዱን ሰው በየራሱ መንገድ ይይዘዋል፤ እኔን ከመቃብሩ አጠገብ አስቀመጠኝ፣ እሱን ከዓለም ማዶ። ወንድሜ አልወደደንም ብዬ ሁለት ዓመት ተቆጥቻለሁ። ያ ቁጣ አሁን የለም፤ በቦታው የተተካው ግን የሚያሳርፍ አይደለም።

አባ ፎቶ አነሳሽ ወይ አሉኝ። ሐይቁ ዳር ያነሳሁትን አሳየኋቸው። ሐይቁ አይታይም፤ ጉም ብቻ ነው፣ ጉሙ መሐል በቀይ ጃኬት የቆመ ሰው። አባ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ቀጢኑ" አሉ። ከስቷል ማለታቸው ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አምጪው ብለውኝ አያውቁም።