የሦስት ወረቀት አስታማሚ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ ሕክምና ቤት የሒሳብ መስኮት ላይ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጫለሁ። ከወሎ ተመድቤ የሄድሁ ነኝ። ዝውውሬ ዛሬ ነገ ይመጣል እያልሁ ዕድር እንኳ አልገባሁም። ጎረቤቶቼ ሲጠሩኝ ሥራ አለብኝ እላለሁ። ሥራ አልነበረብኝም፤ ኩራት ነው።

መስኮቱ ላይም ያው ነበርሁ። ሐኪም በሽተኛውን አንዴ አጋድሞ ሦስት ነገር ከሠራ፣ ለሦስቱም የየራሱ ወረቀት፣ በየወረቀቱም የአስታማሚ ፊርማ ይኑር ብዬ ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቀድሞ አንዳንዱ ቤተሰብ «እኛ የፈረምነው ለአንዱ ነው፤ የቀረውን አንከፍልም» እያለ ሲከራከር፣ ግምገማ ላይ የሚነሣው የእኔ ስም ነበር። ፊርማ የጎደለበትን ሁሉ «ወገንዎን ይዘው ይምጡ» እያልሁ መመለስ ልማዴ ሆነ።

ከዚያ ራሴ ታመምሁ። ሳንባዬ ዙሪያ ውሃ ቋጥሮ ትንፋሽ አጠረኝ። ሐኪሙ ውሃውን ሊቀዳ፣ ከሳንባው ሽፋን ናሙና ሊወስድ፣ የማፍሰሻ ቱቦም ሊያስገባ ወሰነ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ። በቦታዬ የተተካችው ልጅ ሦስት ወረቀት ይዛ አልጋዬ ድረስ መጣች።

«ጋሼ፣ አስታማሚዎ የት አሉ?»

«ራሴ እፈርማለሁ።»

«በሽተኛ ለራሱ አይፈርምም ያሉት እርስዎ ነዎት እኮ።» ዐይኗን ሰበር አደረገች።

እውነቷን ነው። ሐኪሙ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ እኔ የምጠራው አንድ ሰው እንኳ አጣሁ። ከሕመሙ ይልቅ እፍረቱ አመመኝ።

አጠገቤ ባለው አልጋ የተኛ ጎልማሳ ልጃቸውን የሚያስታምሙ አንድ የሽንዲ ገበሬ ነበሩ። ሦስት ቀን አንድ ክፍል ስንውል ከሰላምታ በቀር ቃል አልሰጠኋቸውም። ብድግ አሉ።

«ወዲህ በይው፣ ልጄ። ጣቴን ላኑርለት። ሰው እያለ ሰው አጥቶ ይሞታል እንዴ!»

ሦስቱም ላይ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ልጅቷ «ዝምድናዎ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ወደ እኔ ዞሩ።

«እሱ ይናገር።»

«ወንድሜ ናቸው» አልሁ። እንባዬ መጣ።

ሐኪሙ ሲወጋኝ እጄን ይዘውኝ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ልጃቸው ተሻለውና ወጡ። ሲሰናበቱኝ «ስትድን ብቅ በል፤ ቤታችን ከገበያው አለፍ ብሎ ነው» አሉኝ። እሺ አልሁ።

ድኜም ሁለት ዓመት እዚያው ቆየሁ። ሽንዲ ሩቅ አይደለም፤ ቡሬ ላይ መኪና መለወጥ ብቻ ነው። ወንድሜ ያልኋቸውን ሰው አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አልጠየቅኋቸውም።