ሐጂ ሙርሺድ የዘጉት አፍ

ሐጂ ሙርሺድ ቡና ሲገዙ ሚዛን የሚያወጡት በኋላ ነው። መጀመሪያ አንዲት ፍሬ ፈልፍለው ይነክሷታል። ቀጭ ካለች ይገዛሉ፤ ከለሰለሰች «ወንድሜ፣ መልሰህ አስጣው» ብለው ያልፋሉ። ሰኮሩ ገበያ ላይ ማንም አይከራከራቸውም ነበር።

ዐምና ክረምት ስትሮክ መታቸው። ግራ ጎናቸው ሰነፈ፣ ንግግራቸውም አብሮ ሄደ። ልጃቸው ነጅላ ኪቶ ፉርዲሳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ የነበራትን ሥራ ትታ አባቷን ለማስታመም መንደራ ቆጪ ሰፈር ቤታቸው ገባች። መቼም አያያዟን ያየ ሁሉ «እንዲህ ያለች ልጅ ይስጠኝ» ይል ነበር። አንሶላቸው ንጹሕ፣ ጥፍራቸው የተቆረጠ፣ ጢማቸው የተበጠረ። ለየሰላቱ ዉዱእ ታደርግላቸዋለች፤ ፊታቸውን፣ እጃቸውን፣ እግራቸውን። መጉመጥመጡን ግን ትዘለዋለች፤ ከሆስፒታል ሲወጡ «ውሃ ትን እንዳይላቸው» ተብላ ነበርና። ጤነኛ ሳሉ ከእጃቸው የማይለየውን መፋቂያም ማንም አላስታወሰው።

ረመዳን ገባ። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት አጥሚት ይዛ ስትቀርብ ሐጂ ከንፈራቸውን ገጠሙ።

«አባ ኮ፣ በሽተኛ እኮ ጾም የለበትም። ሜ፣ እስቲ ትንሽ ብቻ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። መግሪብ ላይ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ግን ለብ ያለ ሾርባ በግድ ተቀበሏት። ነጅላ አለቀሰች፤ የደስታ ለቅሶ ነበር። ሰውነታቸው ቢከዳቸው ልባቸው ጾሙን አልረሳም ብላ። በማግስቱም እንደዚያው፣ በሣልስቱም። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ፤ ሰው እየመጣ ግንባራቸውን ሳመ። ያጎነበሰ ሁሉ አንድ ሽታ ሳይሸተው አልቀረም፤ የበሽታ ነው ብሎ ዝም አለ። ነጅላም ትራሱ ላይ ሽቶ ትረጫለች።

ጎረቤታቸው ወርቅዬ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ክርስቲያን ናት፤ ከሐጂ ጋር መቀለድ ልማዷ ነው። «ሐጂ፣ እኔ ሁዳዴን እንዲህ ብጾመው ኖሮ ይሄኔ ክንፍ አብቅዬ ነበር!» ትላቸዋለች። ድሮ በሳቅ ይፈርሱ ነበር። አሁን እየከሱ፣ ዐይናቸውን ከነጅላ ፊት ሳይነቅሉ ይውላሉ።

የዒድ ዕለት ነጅላ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ቀረበች። «ዒድ ሙባረክ፣ አባ! አሁን ይብሉ።»

ከንፈራቸው እንደተገጠመ ነው።

«አባ፣ ጾሙ አልቋል እኮ!»

ማንኪያው ከንፈራቸውን ሲነካ ከጉሮሯቸው አንድ ድምፅ ወጣ። ከታመሙ ጀምሮ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምታባቸው አታውቅም። እንኳን አደረሳችሁ ልትል የመጣችው ወርቅዬ ከበሩ ገሠገሠች።

«ነጂ፣ እስቲ ስልክሽን አብሪልኝ።» ጉንጫቸውን በጣቷ ገለጥ አደረገች። በሰነፈው ጉንጭ ውስጥ የከረመ ምግብ ተጠቅጥቋል። ድዳቸው አብጦ መግል ቋጥሯል። «ወይኔ ሐጂ... ይሄ ጾም አይደለም፣ እህቴ። አሟቸው ነው።»

በባጃጅ ወደ ጥርስ ክሊኒክ ይዘዋቸው በረሩ። የበሰበሱት ጥርሶች ተነቀሉ። «ማታ ማታ የሚከፍቱት ጥሙ ከሕመሙ ሲብስባቸው ነው» አለች ሐኪሟ። ቀና አድርጎ አስቀምጦ፣ ለስላሳ ብሩሽ በትንሹ አርጥቦ፣ አፋቸው በየቀኑ እንዴት እንደሚጸዳም አሳየቻቸው።

ቁስሉ ዳነ። ወርቅዬ «ኣ በሉ፣ ሐጂ» ስትል አፋቸው ይከፈታል። የነጅላ እጅ ሲመጣ ይዘጋል። ብትለምን፣ ብታለቅስ፣ ይዘጋል። እሷም ሰው ከንፈሩን ሲገጥም ባየች ቁጥር፣ በታክሲም ይሁን በሱቅ፣ ያ ድምፅ ይሰማታል። አንድ ቀን እኔ፣ የሰፈራቸው ልጅ፣ ከእሷ ጋር ስጫወት ወሬ አቋርጬ ዝም ብል «ምን ሆንክ? ምንህን ነው?» ብላ ክንዴን ጨመደደችኝ።

«አባ ወሩን ሙሉ ሲነግሩኝ ነበር» አለችኝ ክንዴን ስትለቅ፤ «እኔ ደግሞ ጾመኛ ብዬ ሳመሰግናቸው።»

ባለፈው እሑድ ረፋዱ ላይ ልጠይቃቸው ስገባ ወርቅዬ አልነበረችም። ነጅላ አባቷን መስኮቱ ፊት ቀና አድርጋ አስቀምጣቸዋለች። ብሩሹን ወደ አፋቸው አላመጣችም፤ በደህናው እጃቸው አስጨብጣ የራሷን መዳፍ ከክርናቸው ስር አደረገች። ብሩሹን ጉልበታቸው ላይ እንደያዙ ብዙ ቆዩ። ከዚያ እጃቸው ቀስ ብሎ ተነሣ፣ አፋቸውም ተከፈተ።

ነጅላ ልታግዝ መዳፏን ወደ እጃቸው አንጓ ከፍ አደረገች። እጃቸው ቆመ። ከንፈራቸው ተገጠመ፤ ዐይናቸው ፊቷ ላይ ተተከለ። መዳፏን ወደ ክርናቸው መለሰች። ጠበቀች።

ሐጂ እንደገና ጀመሩ።